አንባቢ ይጠይቃል፦ አንድ መራጭ፣ ሁለት ቆጠራ፤ የ1945ቱ የኒውዮርክ ምርጫ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰንብተዋል? የሕዝብ አስተዳደር ተማሪ ነኝ። ለጥናቴ ስዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1945 ስለተካሄደው የኒውዮርክ ከተማ የከንቲባና የምክር ቤት ምርጫ አንብቤ ግራ ተጋባሁ። ከንቲባነቱን የዴሞክራት ፓርቲው ዊልያም ኦድዋየር በሰፊ ልዩነት አሸንፎ ወስዷል። በዚያው ቀን በተመረጠው ምክር ቤት ግን ከዴሞክራቶች ሌላ ሪፐብሊካኖች፣ ሁለት የሠራተኛ ወገን የሆኑ ፓርቲዎች፣ ኮሚኒስቶችም ሳይቀሩ ወንበር አግኝተዋል። በ1949 ደግሞ ከ25ቱ የምክር ቤት ወንበሮች 24ቱን ዴሞክራቶች ያዙ። የአንድ ከተማ ሕዝብ በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሐሳቡን ይለውጣል? ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ? ቢያብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእነዚያ ዓመታት የኒውዮርክ ሕዝብ ሐሳብ በመጠኑ መለወጡ አይካድም። ሆኖም በደብዳቤዎ የጠቀሱትን ያህል የሰፋ ልዩነት ያመጣው በአብዛኛው ድምፅ የሚቆጠርበት ደንብ መለወጡ ነው። በ1945 ከንቲባውና ምክር ቤቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ መራጭ፣ ግን በሁለት የተለያዩ ደንቦች ተመርጠዋል፤ በ1949 ሁለቱም በአንድ ዓይነት ደንብ ተመረጡ። ነገሩ እንዲገባን ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት ከ1938 በፊት «የአልደርመኖች ቦርድ» ይባል ነበር። 65 የተመረጡ አባላት የነበሩት ሲሆን፣ እያንዳንዱ አባል ከአንድ ትንሽ ወረዳ ብቻውን ይመረጥ ነበር። በእንዲህ ያለው ምርጫ በየወረዳው አንደኛ የወጣው ወንበሩን ይወስዳል፤ የተቀሩት ድምፆች የትም አይደርሱም። በከተማይቱ ሁሉ በተመጣጠነ ሁኔታ ተበትኖ የሚኖር ብዙ ደጋፊ ያለው ፓርቲ በዚህ አሠራር እጅግ ይጠቀማል። በ1935 የዴሞክራት ፓርቲ ከተሰጠው ድምፅ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አግኝቶ ከ65ቱ ወንበሮች 62ቱን መያዙ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከሦስት መራጮች አንዱ ፓርቲውን ባይደግፍም፣ በቦርዱ ውስጥ እንደሌለ ሰው ተቆጠረ ማለት ይቻላል።

በዚያን ዘመን የማንሃተኑ የዴሞክራት ፓርቲ ድርጅት «ታማኒ ሆል» በሚል ስም ይታወቅ ነበር። ሥራ በማስቀጠር፣ ውል በማደል፣ ችግረኛን በመርዳትና ድምፅ በመሰብሰብ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከተማይቱን በእጁ ያደረገ የፖለቲካ ማሽን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዳኛ ሳሙኤል ሲበሪ የመሩት ምርመራ የከተማይቱን አስተዳደር ብልሹነት አደባባይ አወጣው፤ ከንቲባ ጂሚ ዎከርም በመስከረም 1932 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1933 የተመረጡት ፊዮሬሎ ላጓርዲያ ለሦስት ተከታታይ ዘመነ ሥልጣን ከተማይቱን መሩ። አዲሱ የከተማይቱ ቻርተር (መተዳደሪያ ሕግ) በኅዳር 1936 ለሕዝብ ውሳኔ ሲቀርብ፣ ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄም አብሮት ቀረበ፤ ምክር ቤቱ በተመጣጠነ ውክልና፣ ማለትም ወንበር በድምፅ ድርሻ በሚከፋፈልበት አሠራር፣ ይመረጥ ወይስ አይመረጥ የሚል። ሕዝቡ ሁለቱንም አጸደቀ፤ የመጀመሪያው ምርጫም በ1937 ተካሄደ።

አሁን ወደ ምርጫው ቀን እንመለስ። ማክሰኞ ኅዳር 6 ቀን 1945፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ዓለም ከጦርነቱ ከወጣ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። ላጓርዲያ ለአራተኛ ጊዜ ላለመወዳደር ወስነዋል። መራጩ ወደ ጣቢያው ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ግዙፍ የብረት መምረጫ ማሽን ነው። መጋረጃውን ከዘጋ በኋላ ለከንቲባ፣ ለኮምፕትሮለር (ለከተማይቱ የሒሳብ ኃላፊ) እና ለምክር ቤት ፕሬዚዳንት ከሚፈልጋቸው ዕጩዎች ስም አጠገብ ያለውን ትንሽ ዘንግ ወደ ታች ይስባል፤ መጋረጃውን ሲከፍት ማሽኑ ድምፁን ይመዘግባል። ለምክር ቤት አባላት ግን ማሽኑ አያገለግልም፤ የወረቀት ድምፅ መስጫና እርሳስ ይሰጠዋል። በወረቀቱ ላይ ከተዘረዘሩት ስሞች አጠገብ እንደ ምርጫው ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ይጽፋል። ለዓመታት የለመደውን የኤክስ ምልክት ያሰፈረ ሰው ወረቀቱ ይበላሽበታል፤ ይህም ከአሠራሩ እውነተኛ ድክመቶች አንዱ ነበር።

የከንቲባው ውጤት በዚያው ምሽት ታወቀ። ማሽኑ የመዘገበውን ከየጣቢያው አንብቦ መደመር ብቻ ነበርና። ኦድዋየር ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አገኙ። የሪፐብሊካን፣ የሊበራልና የፊውዥን ፓርቲዎች የጋራ ዕጩ የሆኑት ዳኛ ጆና ጎልድስታይን 430 ሺህ ያህል፣ ላጓርዲያ የደገፏቸውና «ኖ ዲል» በተባለ ለዚያ ምርጫ በተፈጠረ ፓርቲ የቀረቡት ኒውቦልድ ሞሪስ ደግሞ 400 ሺህ ጥቂት አለፍ ያለ ድምፅ አገኙ። ብዙ ሰዎች ኦድዋየር ያሸነፉት ተቃዋሚዎቻቸው ስለተከፋፈሉ ነው ይላሉ። ቁጥሩ ግን ይህን አይደግፍም፤ የሁለቱ ድምፅ ቢደመር እንኳ ከኦድዋየር ሩብ ሚሊዮን ገደማ ያንሳል። ይልቅ ኦድዋየርን የጠቀማቸው በአየርላንድ ተወልደው ወደ ኒውዮርክ የመጡ፣ በፖሊስነት ያገለገሉ፣ በኋላም በብሩክሊን ዐቃቤ ሕግነት ስማቸው የገነነ ሰው መሆናቸውና፣ በኒውዮርክ ሕግ አንድ ዕጩ በሁለት ፓርቲዎች ስም ሊቀርብ መቻሉ ነው። ስማቸው በዴሞክራትም በአሜሪካን ሌበር ፓርቲም መስመር ላይ ሰፍሮ ነበር፤ መራጩ በየትኛውም መስመር ቢመርጣቸው ድምፁ ይደመራል። ዴሞክራትን ጠልቶ ኦድዋየርን የወደደ ሠራተኛ ሕሊናው ሳይወቅሰው የሚመርጥበት መንገድ ነበረው ማለት ነው። የተቃራኒው ወገን ነገር ደግሞ ትንሽ ያስቃል፤ ሪፐብሊካኖቹ ያቀረቧቸው ዳኛ ጎልድስታይን ራሳቸው እስከዚያ ድረስ ዴሞክራት ነበሩ።

የምክር ቤቱ ቆጠራ ሌላ ዓለም ነው። ወረቀቶቹ ከየጣቢያው ወደ ክፍለ ከተማው የማዕከል መቁጠሪያ አዳራሽ ተጓጓዙ። ማንሃተን፣ ብሩክሊን፣ ብሮንክስ፣ ኩዊንስና ሪችመንድ (ስታተን አይላንድ) እያንዳንዳቸው ሳይከፋፈሉ አንድ አንድ የምርጫ ክልል ነበሩ። ስንት ሰው ይመረጣል የሚለውም አስቀድሞ አልተወሰነም። ለእያንዳንዱ 75,000 ትክክለኛ ድምፅ አንድ ወንበር ይሰጣል፤ ትርፉ 50,000 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ይጨመራል። አንድ ክፍለ ከተማ 650,000 ትክክለኛ ድምፅ ቢሰጥ ለ600,000ው 8፣ ለተረፈው 50,000 ደግሞ 1፣ በድምሩ 9 አባላት ይኖሩታል። በዚህ የተነሣ ምክር ቤቱ እንደ መራጩ ብዛት ይሰፋና ይጠብ ነበር፤ በ1937 26፣ በ1939 21፣ በ1941 እንደገና 26፣ በጦርነቱ መካከል በ1943 17፣ በ1945 23። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ድምፅ ለመስጠት ያልወጣ ሕዝብ ወንበሩን እንዲያጣ የሚያደርግ ደንብ ከዚህ በተሻለ ግልጽ ሆኖ የተጻፈበት ከተማ ማግኘት ይከብዳል።

ቆጠራው የሚጀምረው ወረቀቶቹን በአንደኛ ምርጫ በመደልደል ነው። 75,000 የሞላለት ዕጩ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወረቀቶች በላያቸው ላይ ወደ ተጻፈው ቀጣይ ምርጫ ይተላለፋሉ። ከዚያ አነስተኛ ድምፅ ያለው ዕጩ ይሰናበታል፤ የእሱም ወረቀቶች አንድ በአንድ እየተገለጡ ቁጥር 2 ወደ ተጻፈለት ዕጩ ይሄዳሉ፤ ያም ተመርጦ ወይም ተሰናብቶ ከሆነ ወደ 3ኛው። ይህ ወንበሮቹ እስኪሞሉ ድረስ ይደጋገማል። በሺህ የሚቆጠሩ ወረቀቶች ከክምር ወደ ክምር በእጅ ሲተላለፉ፣ የየፓርቲው ታዛቢዎችም በየወረቀቱ ሲከራከሩ የመጀመሪያው የ1937ቱ ቆጠራ ሳምንታት ፈጅቷል። ውጤቱ ግን ድምፁን ይመስል ነበር። በ1937 መደበኛዎቹ ዴሞክራቶች ከ26ቱ 13ቱን ብቻ አገኙ፤ ከ65ቱ ወንበር 62ቱን ከያዙበት ዘመን ጋር ያነጻጽሩት። በዚያው ምርጫ ጄኔቪቭ ኧርል ከብሩክሊን ተመርጠው የምክር ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆኑ። በ1941 ደግሞ በሐርለም የሚገኘው፣ ስሙ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ ያልሆነው የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ አዳም ክሌይተን ፓወል ልጅየው የመጀመሪያው ጥቁር የምክር ቤት አባል ሆነው ገቡ።

በ1945ም ዴሞክራቶች አብላጫውን ወንበር ያዙ፤ ይህ ከከንቲባው ውጤት ጋር የሚጣጣም ነው። የተቀረውን ሪፐብሊካን፣ ሊበራል፣ አሜሪካን ሌበርና ኮሚኒስት ፓርቲዎች ተካፈሉት። እንግዲህ ጠያቂያችን «ተቃርኖ» መስሎ የታየዎት ነገር ተቃርኖ አይደለም። አንድ ወንበር ብቻ ባለበት በከንቲባነቱ ውድድር አብላጫው ሁሉን ይወስዳል፤ ሌላ መንገድም የለውም። ብዙ ወንበር ባለበት ምክር ቤት ግን አብላጫው አብላጫውን፣ አናሳውም ድርሻውን ወሰደ። የተመጣጠነ ውክልና በ1947 ተሽሮ በ1949 ምርጫው ወደ አንድ ወረዳ አንድ ተመራጭ አሠራር ሲመለስ፣ ዴሞክራቶች ከድምፁ ከግማሽ ጥቂት የበለጠ አግኝተው 24 ወንበር ያዙ። ብቸኛው ተቃዋሚ ሪፐብሊካኑ ስታንሊ አይዛክስ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከዚህ ቀደም በዚሁ ጉዳይ ስንወያይ አንድ ወዳጄ «የኒውዮርክ ሕዝብ የተመጣጠነ ውክልናን የሻረው ኮሚኒስቶችን ስላስገባ ነው» ብሎኛል። እኔ ደግሞ ሁለት ሰዎች ለዚያ አያበቁም ብዬ ተከራከርኩ። ማን ነው ትክክል? ደግሞስ ያ ምክር ቤት በከንቲባው ላይ ምን ያህል ሥልጣን ነበረው?

መልስ፦ ወዳጅዎ ስለ ቅስቀሳው እውነቱን ተናግረዋል፤ እርስዎም ስለ ቁጥሩ። ኮሚኒስቶቹ ፒተር ካኪዮኒና ቤንጃሚን ዴቪስ ነበሩ። ካኪዮኒ ከብሩክሊን በ1941፣ በ1943ና በ1945 ተመርጧል። ዴቪስ ከጆርጂያ የመጣ ጥቁር ጠበቃ ሲሆን፣ ፓወል የለቀቀውን ቦታ ተከትሎ ከማንሃተን በ1943ና በ1945 ተመርጧል። እንዲህ ያለ ዕጩ በአንድ ትንሽ ወረዳ ውስጥ አብላጫ ማግኘት ይከብደዋል፤ በክፍለ ከተማው ሁሉ የተበተኑ ደጋፊዎቹ ድምፅ ሲሰባሰብለት ግን 75,000 ይሞላለታል ወይም ይጠጋለታል። ደንቡ የተበተነን ደጋፊ ሁሉ ይሰበስብ ስለነበር ሪፐብሊካኖችንም፣ ሴቶችንም፣ ጥቁሮችንም ያስገባው ያው አሠራር ነው።

የታማኒ ሰዎች ደንቡን የጠሉት ገና ኮሚኒስት ሳይመረጥበት ነው። ከ1941 በፊት ለመሻር ሞክረው በሕዝብ ድምፅ ተሸንፈዋል። ክርክራቸው ያኔ የውስብስብነትና የወጪ ነበር፤ ቆጠራው ይዘገያል፣ መራጩ የአካባቢዬ ተወካይ የሚለው ሰው የለውም፣ ወረቀት ይበላሻል ይሉ ነበር። እነዚህ ቅሬታዎች መሠረት የሌላቸው አልነበሩም፤ በተለይ የአካባቢ ተወካይ ማጣት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ለሚኖርበት እንደ ብሩክሊን ላለ ክፍለ ከተማ ከባድ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ሕዝቡን አላሳመኑትም። በ1947 ቀዝቃዛው ጦርነት ሲጀመር ክርክሩ ተለወጠ፤ አሠራሩ ከክሬምሊን የመጣ ሸቀጥ ተደርጎ ተሣለ። ከእውነት የራቀ ነበር፤ ሐሳቡን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የወጠኑት ዴንማርካዊው ካርል አንድሬና እንግሊዛዊው ቶማስ ሄር ናቸው፤ የስታሊን ሶቪየት ኅብረትም በምርጫዋ አልተጠቀመችበትም። ሆኖም በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ከአሥር መራጮች ስድስት ያህሉ እንዲሻር ወሰኑ። ስለዚህ እርስዎ «ሁለት ሰዎች አያበቁም» ማለትዎ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ የቆየ ሲሆን፣ ሁለቱ ሰዎች ለምክንያቱ የተገኙ ጥሩ ሰበብ ነበሩ ብንል ወደ እውነቱ የምንቀርብ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ነገር ሰበቡ ምን ያህል እንደሠራ ያሳያል። ካኪዮኒ ሕዝበ ውሳኔው በተካሄደበት ሳምንት አረፈ። ፓርቲው በምትኩ ሳይመን ገርሰንን ቢያቀርብም ምክር ቤቱ ሊቀበለው ፈቃደኛ አልሆነም። ዴቪስ በ1949 ከሌሎች አሥር የፓርቲው መሪዎች ጋር መንግሥትን በኃይል ለመገልበጥ መቀስቀስን በሚከለክለው በስሚዝ ሕግ ተከሶ ከተፈረደበት በኋላ ከምክር ቤቱ ተባረረ። በዚያው ዓመት ምርጫም ዴሞክራቶች፣ ሪፐብሊካኖችና ሊበራሎች በጋራ በደገፉት ጋዜጠኛ ኧርል ብራውን ተሸነፈ። ሦስት ተፎካካሪ ፓርቲዎች በአንድ ዕጩ ሥር መሰለፋቸውን ልብ ይሏል።

ስለ ሥልጣኑ ላነሡት ጥያቄ፣ ምክር ቤቱ የአካባቢ ሕጎችን ያወጣ ነበር፤ ትልልቁ ገንዘብና ውል ግን በሌላ ጠረጴዛ ዙሪያ ይወሰን ነበር። ይኸውም «ቦርድ ኦፍ ኤስቲሜት» ይባላል። በ1936 ጸድቆ በ1938 ሥራ ላይ በዋለው ቻርተር መሠረት ከንቲባው፣ ኮምፕትሮለሩና የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት እያንዳንዳቸው 3 ድምፅ፣ የማንሃተንና የብሩክሊን ክፍለ ከተማ ፕሬዚዳንቶች 2 2፣ የተቀሩት ሦስቱ 1 1 ድምፅ ነበራቸው፤ በድምሩ 16። ሦስቱ በከተማ ደረጃ የተመረጡ ባለሥልጣናት ከተስማሙ 9 ድምፅ አላቸውና አብላጫው በእጃቸው ነው። በ1945 ከኦድዋየር ጋር የተመረጡት ኮምፕትሮለር ላዛረስ ጆሴፍና የምክር ቤት ፕሬዚዳንት ቪንሰንት ኢምፐሊተሪ በአንድ ዝርዝር የቀረቡ ነበሩ፤ አይሪሹ፣ አይሁዱና ጣሊያኑ፣ ከብሩክሊን፣ ከብሮንክስና ከማንሃተን። በዚያ ዘመን የኒውዮርክ ፓርቲ እንዲህ ሳያመዛዝን ዝርዝር አያወጣም ነበር። በዚህ ምክንያት የምክር ቤቱ ተቃዋሚዎች መሣሪያ በአብዛኛው ንግግር፣ ጥያቄና ምርመራ ነበር። ለታማኒ ግን የማይመች ጥያቄ በይፋ መጠየቁ ራሱ በቂ ራስ ምታት ነበር። ኢምፐሊተሪ በኋላ ሌላ ትምህርት ሰጥተዋል፤ ኦድዋየር በ1950 ሥልጣን ለቀው በሜክሲኮ አምባሳደር ሲሆኑ ተጠባባቂ ከንቲባ ሆኑ፤ ፓርቲያቸው በዕጩነት ሳያቀርባቸው ሲቀር «ልምድ» የሚል የራሳቸውን የፓርቲ መስመር ይዘው በኅዳር 1950 ማሟያ ምርጫ አሸነፉ።

ጥያቄ፦ በኒውዮርክ የተሻረው አሠራር ዛሬ በሥራ ላይ የሚገኝበት የአሜሪካ ከተማ አለ? በ2021 ኒውዮርክ ራሷ በቅደም ተከተል ቁጥር መምረጥ ጀምራለች ሲባልም ሰምቻለሁ።

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ ግን ያው አሠራር አይደለም። ኒውዮርክ በ2019 በሕዝበ ውሳኔ ያጸደቀችውና በ2021 በስፋት የተጠቀመችበት የቅደም ተከተል ምርጫ ለፓርቲዎች የውስጥ ምርጫና ለማሟያ ምርጫ የሚሠራ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ውድድር የሚመረጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። መራጩ እንደ 1945ቱ ቁጥር ይጻፍ እንጂ፣ ወንበር በድርሻ አይከፋፈልበትም። በኦሃዮ የምትገኘው ሲንሲናቲ የተመጣጠነውን አሠራር ከ1925 ጀምሮ ስትጠቀምበት ቆይታ በ1957 ሻረችው፤ በዚያ ቅስቀሳ ውስጥ ጥቁሩ የምክር ቤት አባል ቴዎዶር ቤሪ ከንቲባ ሊሆኑ ነው የሚለው ፍርሃት ትልቅ ቦታ ነበረው። የፈሩት አልቀረም፤ ቤሪ በ1972 ከንቲባ ሆኑ። በማሳቹሴትስ የምትገኘው ካምብሪጅ ግን በ1941 የጀመረችውን እስከ ዛሬ ይዛ ዘልቃለች። ዘጠኝ የምክር ቤት አባላት በዚሁ ቆጠራ ይመረጣሉ፤ ከንቲባውን ግን ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም፣ ዘጠኙ ከመካከላቸው ይሰይማሉ፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራውም ምክር ቤቱ የሚቀጥረው የከተማ ሥራ አስኪያጅ ነው።